በር ላይ የወጣው ሻንጣ

ደላላው ሻንጣውን ሲያየው መጀመሪያ ደስ ነው ያለው።

"አላልኳችሁም? ይኸው ለቀዋል!" አለ፣ ቤት ሊያሳያቸው ይዟቸው ለመጣው አዲስ ተጋቢዎች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከተዘጋው በር አጠገብ፣ ትልቅ ቡናማ ሻንጣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከላዩ የሴት ካፖርት ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ከጎኑ የሴት ጫማ ጥንዱ ተገጣጥሞ። ሰፈሩ ደላላውን "ፈጣኑ" ነው የሚለው፤ ስሙንም አላሳፈረም። ከአከራይዋ የተቀበለውን ትርፍ ቁልፍ አውጥቶ ከፈተና፣ ፊቱን ወደ ባልና ሚስቱ አዙሮ፣ "ግቡ፣ ግቡ! ፀሐይ ነው እንግዲህ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ!" እያለ በጀርባው ገባ። ቀድማ ያየችው ሙሽራዋ ናት። ጩኸቷ ከመንገዱ ማዶ ድረስ ተሰማ።

ጣቢያ ሲደወል እኔ ስክሪብቶዬን መልስ እያልኩ ከሳጅኑ ጋር እጨቃጨቅ ነበር። ሳጅኑ መልካም ፖሊስ ነው፤ እጁ የገባ ስክሪብቶ ግን ተመልሶ አያውቅም። ስልኩን ዘግቶ "ሴት ሞታለች" ሲለኝ ስክሪብቶውንም ትቼ ተነሳሁ።

በረንዳው አግዳሚ ላይ አንድ ሽማግሌ ከረባታቸውን አስረው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሳልፍ ብድግ አሉልኝ።

"ልጄ፣ ቤቴ ሌባ ገብቶ..."

"እሺ አባባ፣ ይቀመጡ፣ አሁን ያነጋግሩዎታል" ብዬ አለፍኩ።

"ደንበኛችን ናቸው" አለኝ ሳጅኑ መኪና ውስጥ እየገባን። "በየጊዜው እየመጡ ቤቴን ቀሙኝ ይላሉ። ይረሳሉ መሰለኝ። ለልጃቸው ደውዬላታለሁ፣ መጥታ ትወስዳቸዋለች።"

በሥራዬ ብዙ አይቻለሁና ደም አያስደነግጠኝም። እዚያ ቤት ስገባ ክው ያደረገኝ ንጽሕናው ነው።

ሟቿ ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ የምትሠራበት ፀጉር ቤት ሰኞ ስለማይከፍት ዕረፍቷ ነው። ከኋላ ጭንቅላቷን ተመትታ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ በደረቷ ወድቃለች። የተመታችበት የልብስ ካውያ ነው። ካውያው ግን ወለሉ ላይ አልተጣለም፤ ተጠርጎ፣ ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ መደርደሪያው ላይ ቆሟል። ከገበያ ይዛው የመጣችው ፌስታል ተቀዷል፤ የተበተነው ሽንኩርት ግን ተለቅሞ ጠረጴዛው ላይ በሰልፍ ተደርድሯል። ቴሌቪዥኑ አለ። የወርቅ ሐብሏ አንገቷ ላይ ነው። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር፤ አልተሰበረም።

"ምን ዓይነት ገዳይ ነው ሽንኩርት የሚለቅም?" አለ ሳጅኑ። ፊቱ አመድ መስሏል።

እኔ ወለሉን እያየሁ ነበር። ከወጥ ቤቱ ግድግዳ እስከ መስኮቱ ድረስ ጠረጴዛው የተጎተተበት አዲስ ጭረት አለ። ወንበሩ መንገዱን እንዲያይ ተደርጎ ተቀምጧል። ሰው ገድሎ ቤት የሚያስተካክል እስከዚያ ቀን አላጋጠመኝም።

ሻንጣውን ከፈትነው። ቀሚሶች፣ ሹራቦች፣ ከሥር ደግሞ የትንሽ ልጅ ዩኒፎርምና ካልሲዎች። ሁሉም ጠርዝ ለጠርዝ ተገጥሞ ተጣጥፏል።

"ይሄ የአከራይ ሥራ ነው" አለ ሳጅኑ። "አውጥተው ጥለዋት ተጣልተው ነው።"

አከራይዋ ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። ሕንፃው ከባላቸው የወረሱት ነው፤ ሰው ሁሉ "እትዬ" ይላቸዋል። አንድ ጉንጫቸው አብጦ፣ መሐረብ ይዘው ጠበቁን።

"ልቀቂ ብያታለሁ፣ አልዋሽም" አሉ ጥርሳቸውን እየደገፉ። "ልጇ ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ ቤቱ ይናጋል። ፈጣኑም ሰው እያመጣ ያሳይልኝ ነበር። ግን እኔ ልብሷን አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ የምከት ሰው መስዬ ታየሁሽ? ላስወጣ ብል በመስኮት ነበር የምወረውረው!"

"ጠዋት የት ነበሩ?"

"ጥርስ ሐኪም ዘንድ፣ ነፍሴ ልትወጣ! ሂጂና ጠይቂው ያንን ጨካኝ።"

ሐኪሙን ጠየቅነው። ጠዋቱን ሙሉ ወንበሩ ላይ ሆነው ሰፈሩን ሲያደነቁሩት አርፍደዋል። እትዬ ከደሙ ንጹሕ ናቸው።

"የዚያ ቤት ቁልፍ ያለው ማነው?"

"እኔ፣ እሷና ባሏ። የኔን ከሐኪም ስመለስ ነው ለፈጣኑ የሰጠሁት፤ ሌላ የለም። ተከራይ በወጣ ቁጥር መቆለፊያ እለውጣለሁ። ክፉ ናት በሉኝ፣ በዚህ ግን አልታማም።"

ሁለተኛ ፎቅ፣ ከሟቿ ቤት ትክክል ሥር፣ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ሌላ ቀን ሱቋ ነው የምትውለው፤ ያን ቀን ግን የሚደርስ የሠርግ ልብስ ስላለባት ቤቷ ሆና ትሰፋ ነበር። እንባዋ አልቆም አላት።

"ምንም አልሰማሁም፤ ይሄ ማሽን ሲጮህ ቤት ቢፈርስም አይሰማም። አዎ፣ አንድ ሰው በሬን ሲነካካ ነበር፣ ረፋዱ ላይ። የላዩን ቤት ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች ሁሌ ተሳስተው የኔን ያንኳኳሉ ይላሉ ጎረቤቶቼ። ሥራዬን ላለማቋረጥ ከውስጥ ሆኜ 'ላይ ነው ቤቱ! አንድ ፎቅ ውጡ!' ብዬ ጮህኩ።"

"መለሰልሽ?"

"የወንድ ድምፅ ነው። 'አመሰግናለሁ፣ ይቅርታ' አለኝ። ጨዋ ነው።"

ደላላውን ጠራሁት። ከባልና ሚስቱ በቀር ያን ቀን ማንንም አልላክሁም ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። ጣቱን እየሰባበረ ዐይኔን ይሸሻል። አንድ ነገር ደብቋል አልኩ በልቤ።

ባልየው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሲነግሩት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለ። ጠዋት የት እንደነበር ስጠይቀው "መንገድ ላይ፣ ከጭነት እየተመለስኩ" አለ። ሳጅኑ መሥሪያ ቤቱ ደወለ። መኪናው የገባው በዋዜማው ነው።

"ዋሸኸኝ" አልኩት።

ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። "የድርጅቱን መኪና ይዤ የሰው ዕቃ ሳመላልስ ነበር። ቤት የሚቀይሩ ሰዎች ናቸው። ከታወቀብኝ ያባርሩኛል ብዬ ነው።"

"እነማን ናቸው?"

"አላውቃቸውም። ፈጣኑ ነው ያገናኘኝ።"

ፈጣኑ ደግሞ "እኔ? ከየት አምጥቼ!" ብሎ ካደ።

ሻንጣውን ለሾፌሩ አሳየሁት። ልብሱን አንድ በአንድ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፤ ከዚያ ግራ ተጋብቶ አየኝ።

"ይሄን እሷ አልከተተችውም። እሷ ልብስ ትጠቀልላለች እንጂ አታጣጥፍም። እኔ ደግሞ..." ሹራቧን መልሶ አስቀመጠው። "እኔማ ዝም ብዬ ነው የምጠቀጥቀው፣ ሁሌ እንደሰደበችኝ ነው።"

አዛዣችን ግን ይህ ሁሉ አልተዋጠለትም።

"ባል ነው፤ ሁልጊዜም ባል ነው" አለኝ። "ሊያባርራት ዕቃዋን አወጣ፣ ተጣሉ፣ መታት፣ ቆልፎ ሄደ። ቁልፍ አለው፣ ዋሽቷል፣ ያየው የለም። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል።"

"ሽንኩርቱስ ጌታዬ? ጠረጴዛውስ?"

"በሽንኩርት ሰው አልለቅም፣ ኢንስፔክተር።"

ቢሮዬ ስመለስ የሾፌሩ እህት ቅያሪ ልብስ ይዛ ትጠብቀኛለች፤ የሟቿ ልጅ ሚጡም አብራት። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ነው የመጣችው፣ ቦርሳዋን ከጀርባዋ አላወረደችም። አክስትየው በዐይኗ ለመነችኝ። ለልጅቷ ገና አልተነገራትም፤ "እማዬ ሻንጣዋን ይዛ መንገድ ሄዳለች" ተብላለች።

"አባዬን መቼ ነው የምትሰጡኝ?" አለችኝ።

ወዲያው ዐይኗ ከጠረጴዛዬ ሥር ገባ። ቡናማው ሻንጣ እዚያው ነበር።

"እንዴ! የእማዬ ሻንጣ! ታዲያ ሳትይዘው ነው እንዴ የሄደችው?"

አክስትየው እጇን ይዛ እየጎተተች አስወጣቻት። እናቷን አጥታለች፤ አባቷንም ነገ እኛ ልንወስድባት ነው። ገድሎ ከሆነ ይበለው። ካልገደለ ግን ይህችን ልጅ ባዶ ቤት የማስቀራት እኔ ነኝ። መኪናውን አስነስቼ ወደዚያ ሕንፃ ተመለስኩ።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሦስተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ በሩ ላይ አፈጠጥኩ። ቡናማ ቀለም የተቀባ ተራ በር ነው። ቆይቶ ግን ዐይኔ መቆለፊያው ላይ ተተከለ። የቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ ተበልቶ ያብለጨልጫል፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ የደረቀ አረንጓዴ ቀለም አለ። አዲስ የተለወጠ መቆለፊያ እንዲህ ያረጃል? ቡናማ በር ላይስ አረንጓዴ ከየት መጣ?

ወደ ታች ወረድኩ። የልብስ ሰፊዋ በር አረንጓዴ ነው። የሷ መቆለፊያ ጠርዝ ላይ ደግሞ ቡናማ ቀለም ደርቋል።

እትዬን ከነሕመማቸው አስነሳኋቸው።

"መቆለፊያ እለውጣለሁ ብለውኛል። አዲሱን ከየት ነው የሚያመጡት?"

"ምን አዲስ አስገዛኝ!" አሉ፣ ኩራት ቢጤም አለባቸው። "ሁለቱ ቤቶች ተቀራርበው ነው የተለቀቁት። የላዩን ፈትቼ ለታች፣ የታቹን ለላይ። አለቀ! የድሮው ተከራይ መጥቶ ቢሞክር የራሱ በር እምቢ ይለዋል። ከባሌ ጋር ስንሠራበት የኖርነው ዘዴ ነው፣ እስከ ዛሬ ማንም አልነቃብንም።"

"ከልብስ ሰፊዋ በፊት ታች ማን ነበር?"

"መምህሩ ናቸዋ! ወይ እሳቸው! እንደሳቸው ያለ ተከራይ ዳግመኛም አላገኝ። ዕድሜያቸውን እዚህ ነው የጨረሱት። ጡረታ ወጥተው እንኳ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛቸውን አድርገው፣ መንገዱን እያዩ መጽሐፍ ሲያነቡ ነው የሚውሉት። ቤታቸው መርፌ ብትወድቅ ትታያለች። ኋላ መርሳት ጀመራቸውና ልጃቸው ወደሷ ወሰደቻቸው፤ እያለቀሱ ነው የሄዱት።"

"ከረባት ያስራሉ?"

"ታዲያ! እሑድ እንኳ ሳይቀር። ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ልውጥ አለ?"

የመምህሩ ልጅ ፋርማሲስት ናት። ቤቷ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ በሩን ስትከፍት ገና የሥራ ገዋኗን አላወለቀችም። ፖሊስ መሆኔን ስነግራት ፈገግ ልትል ሞከረች።

"አባቴ ደግሞ አስቸገሯችሁ? ይቅርታ አድርጉልን። እኔ ሥራ ስሄድ ሠራተኛዋን ያታልሏትና ይወጣሉ። አውቶቡሱን አይረሱትም፤ ሌላውን ሁሉ ሲረሱ አውቶቡሱን አይረሱትም።"

"ዛሬ ሲመለሱ ምን ለብሰው ነበር?"

"ያው ሱፋቸውን። እጅጌያቸው ላይ ደም ነበር፣ ነስሯቸው መሰለኝ፤ አጠብኩት።" ከዚያ ዐይኔን አየች።

"የድሮ ቤታቸው ቁልፍ አለ?"

"አለ፣ እጃቸው ላይ ነው። ካልያዙት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ልቀበላቸው ነበር፤ አከራይዋ መቆለፊያውን እለውጠዋለሁ ስላሉኝ ግን ተውኩት። ምንም የማይከፍት ቁልፍ ምን ይጎዳል ብዬ..." እጇን አፏ ላይ ጫነች።

መምህሩ ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

"ከፖሊስ ጣቢያ ነሽ አይደል ልጄ? አሁንማ ጥሩ መጣሽ። ሌባዋን አስወጣችኋት?"

ሌባዋን አሉኝ። እኔ ስለሴት አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

"የትኛዋን ሌባ አባባ?"

"ቤቴን በዕቃዋ ሞልታ የተቀመጠችውን። እኔ ባለጌ አይደለሁም፤ ልብሷን በሥርዓት አጣጥፌ በር ላይ አስቀመጥኩላት። ጠረጴዛዬን ወደ ቦታው መለስኩ። መጥታ ጮኸችብኝ፣ በገዛ ቤቴ! ሰው ልትጠራብኝ ዞረች..." እጃቸውን አዩት፣ እንደሌላ ሰው እጅ። "ተኝታለች እዚያ፣ ኑና ውሰዷት ብዬ ለልጆቹ ነግሬያቸው ነበር። ሻይ ሰጡኝ።"

ፋርማሲስቷ ግድግዳውን ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተች። እኔ ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ።

"ቁልፉን ይስጡኝ አባባ። ሄጄ ላይልዎት።"

ለረጅም ጊዜ አመነቱ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት፤ ከመያዙ ብዛት ሞቋል።

"ስትወጪ ቆልፊው፣ አደራ" አሉኝ።

ሳጅኑ ቡናማው በር ላይ ይጠብቀኛል። ቁልፉን አስገባሁ። አንዴ ዞረ፣ በሩ ያለ ድምፅ ተከፈተ። ሳጅኑ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ።

"ነግረውናል እኮ" አለ። "አንቺ ወደ መኪናው ስትሄጂ፣ 'እዚያ ተኝታለች፣ ኑ ውሰዷት' አሉ። እኔ ደግሞ 'እሺ አባባ፣ እንወስዳታለን' ብዬ ሻይ አዘዝኩላቸው።"

አንዱም ሌላውን ማጽናናት አልቻልንም። ስንወርድ ልብስ ሰፊዋ በሯን ገርበብ አድርጋ፣ "ተገኘ? ማነው?" አለችን። አንድ ፎቅ ውጡ ብሎ የላከው የሷ ድምፅ መሆኑን የመንገር ወኔ አጣሁ። "ነገ እንነጋገራለን" ብያት አለፍኩ።

ጠዋት አዛዡ ሁሉንም ሰማ። "ሰውየውን ልቀቂው" አለኝ። ፈጣኑም ነፍስ ያለበት ጉዳይ መሆኑ ሲገባው አመነ፤ ዕቃ ማጓጓዙን ያገናኘው እሱ ነው፣ ሾፌሩም ያን ጠዋት ቁም ሣጥን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ነው ያረፈደው። ለሾፌሩ ገዳዩ መገኘቱን ነገርኩት፤ ማንነቱን ግን ቁጭ አድርጌ በወጉ ልነግረው ፈልጌ አቆየሁት። የሚፈርመውን ፈርሞ እስኪጨርስ እኔ ቀድሜው ወደ በረንዳው ወጣሁ።

ወጥቼም ደርቄ ቀረሁ።

ፋርማሲስቷ፣ በጠዋት አምጪያቸው ባልኳት መሠረት፣ አባቷን ራሷ በታክሲ ይዛ መጥታለች። መምህሩ ከረባታቸውን አስረው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። በወዲያኛው በኩል ደግሞ አባቷን ልትቀበል ከአክስቷ ጋር የመጣችው ሚጡ አለች። ቦታ ጠብቧቸው ጎን ለጎን ሆነዋል። መምህሩ ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው ወረቀቱን እየላጡላት ነበር።

"ስንተኛ ክፍል ነሽ?"

"አንደኛ።"

"ጎበዝ! ማንበብ ትችያለሽ?"

"ትንሽ ትንሽ።"

"ትንሽ ትንሽ ነው ሁሉም የሚጀመረው። እናትሽ ናት ያመጣችሽ?"

"እማዬ መንገድ ሄዳለች። ሻንጣዋን ግን ረስታዋለች።"

"ትመጣለቻ! እናት ልጇን ትታ የት ትሄዳለች?" አሉና ራሷን ዳሰሱላት።

ፋርማሲስቷ ፊቷን በገዋኗ ሸፈነች። ያኔ ከኋላዬ በሩ ተከፈተ።

"አባዬ!"

ሾፌሩ ተንበርክኮ አቀፋት፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አንገቷ ሥር ተደበቀ። ቀና ሲል ከረሜላውን በእጇ አየው፤ ከዚያም ሽማግሌውን። ዐይኑን ጠርጎ ተነሳ፣ ጎንበስ ብሎም በሁለት እጁ እጃቸውን ጨበጠ።

"እግዜር ይስጥልኝ አባባ። ልጄን አጫወቱልኝ።"

"አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ" አሉት፣ በሌላኛው እጃቸው ክንዱን መታ መታ እያደረጉ። "የወለደ ነው የሚያውቀው።"

ሾፌሩ ወደኔ ዞረ። ዐይኑ ቀልቷል፣ ድምፁ ግን ረጋ ያለ ነው።

"ኢንስፔክተር፣ የያዝሽው ሰው የታለ? አንድ ጊዜ ፊቱን ብቻ ልየው።"

እጃቸውን ገና አልለቀቀም ነበር።